ማረጥና የሆርሞን ሕክምና፦ ደጋግመን የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንሶላዋ በላብ ረጥቦ ለነቃች ሴት ነው ይህን የጻፍኩት። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። "ዕድሜ ነው፣ ቻይው" ተባልኩ። ሁለት ዓመት ያህል ሆድ ይፍጀው ብዬ ቻልኩት። ስለ ሆርሞን ሕክምና የማውቀው "ካንሰር ያመጣል" የሚለውን ብቻ ነበር። ማንበብና መጠየቅ ስጀምር ነገሩ ከሰማሁት በጣም የተለየ ሆኖ አገኘሁት።

ሐኪም አይደለሁም። እዚህ የጻፍኩት የእርስዎን ሐኪም አይተካም። ግን ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ምን እንደሚጠይቁ አውቀው እንዲገቡ እፈልጋለሁ።

አርጫለሁ የምለው መቼ ነው?

የወር አበባ ድፍን 12 ወር ሳይመጣ ሲቀር ነው። እርግዝና ወይም የወር አበባን የሚያስቀር መድኃኒት እንደሌለ ግን መታወቅ አለበት። ስለዚህ ማረጥ የሚታወቀው ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው። አብዛኛዋ ሴት ከ45 እስከ 55 ዓመቷ ባለው ጊዜ ውስጥ ታርጣለች።

ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። እንቁላል የሚያመርተው አካል፣ ኦቫሪ የሚባለው፣ ሥራውን በአንድ ቀን አያቆምም። ዓመታት ይወስድበታል። በእነዚያ ዓመታት ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን አንድ ወር ሽቅብ ይወጣል፣ በሚቀጥለው ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ የወር አበባዎ ገና እየመጣ ሙቀቱም፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ ድንገት ሆድ መባሱም ሊጀምር ይችላል። "ገና መቼ አረጥሽና!" ቢሉዎት አይቀበሉ። ሕክምናውን ለመጀመርም የወር አበባው ፈጽሞ እስኪቆም መጠበቅ ግዴታ አይደለም።

ምልክቱ ሙቀት ብቻ ነው?

አይደለም። ከደረት ተነስቶ አንገትና ፊት ላይ የሚወጣው ድንገተኛ ሙቀትና የሌሊት ላብ በጣም የታወቁት ናቸው። ከአራት ሴቶች ሦስቱ ገደማ ያዩዋቸዋል። አንዳንዷን በጥቂት ወራት ይለቃታል። ብዙዋን ግን ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ያስቸግራታል። ከዚህ ሌላ የእንቅልፍ መቆራረጥ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ጭንቀት፣ የሚናገሩት ቃል ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ መጥፋት አለ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሴት "አእምሮዬን ልስት ነው እንዴ?" ብላ እንድትፈራ ያደርጋል። በዚህ ዕድሜ በጣም የተለመደ ነው። ለብዙዎችም እያደር ይሻላል።

ማንም ጮክ ብሎ የማያነሳው ደግሞ የብልት ድርቀት ነው። ግንኙነት ያማል፣ ሽንት ያቃጥላል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይመላለሳል። ሙቀቱ ከጊዜ ጋር ይበርዳል። ይሄኛው ግን በራሱ ጊዜ አይሻለውም፤ ሳይታከም ሲቆይ እየባሰበት ይሄዳል። ለዚህ ነው ሳላፍር የምጽፈው። ቀላል መድኃኒት አለው፤ ታች እመለስበታለሁ።

የሆርሞን ሕክምና ማለት ምንድን ነው?

ሰውነት ማምረት ያቆመውን ኢስትሮጅን በትንሽ መጠን መልሶ መስጠት ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ከነፍሰ ጡር ፈረሶች ሽንት የሚዘጋጀው ፕሬማሪን የተባለ ክኒን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚታዘዘው ኢስትራዳዮል የሚባለው ነው። እሱ ከራሳችን ኦቫሪ ከሚወጣው ሆርሞን ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅንን ብቻውን አትወስድም። ይህን አደራ አይርሱት። ኢስትሮጅን የማህፀንን የውስጥ ሽፋን ያወፍረዋል። የሚያረግበው ከሌለ ሽፋኑ ውሎ አድሮ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ይህ ጎልቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 በወጡ ጥናቶች ነው። እስከዚያ ድረስ ማህፀን ያላቸው ብዙ ሴቶች ኢስትሮጅን ብቻ ይሰጣቸው ነበር። መፍትሔው ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሌላ የሴት ሆርሞን፣ ወይም እሱን የሚመስል መድኃኒት፣ አብሮ መስጠት ሆነ። ፕሮጄስትሮን ሽፋኑ እንዳይወፍር ይጠብቀዋል።

የወር አበባቸው ገና ያልቆመ ሴቶች ፕሮጄስትሮኑን አብዛኛውን ጊዜ በወር ከ12 እስከ 14 ቀን ይወስዱታል። ሲጨርሱም እንደ ወር አበባ ያለ ደም ይመጣል። ካረጡ ዓመት ያለፋቸው ግን ሁለቱንም በየቀኑ መውሰድ ይችላሉ፤ ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ ደም አይኖርም። ሚሬና የሚባለው ሆርሞን ያለው ሉፕ ከተገባልዎትም ማህፀንዎን ለአምስት ዓመት ይጠብቃል፤ ያኔ የሚያስፈልግዎት ኢስትሮጅኑ ብቻ ነው።

ሁለት መድኃኒት ታዘዘልኝ። አንዱን ብተወውስ?

ማህፀን ካለዎት ፕሮጄስትሮኑን አይተዉ። "እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል" ብላ የምታቆም ሴት አለች። ማታ ሊተኙ ሲሉ ይውሰዱት፤ እንቅልፉ ያኔ ጥቅም ይሆናል። ካልተስማማዎት ሐኪምዎ ሌላ ዓይነት ይቀይርልዎታል። ማህፀናቸው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኢስትሮጅን ብቻ ይበቃቸዋል።

"ካንሰር ያመጣል" የሚባለው እውነት ነው?

ይህን ጥያቄ በአንድ ቃል መመለስ አልፈልግም። በአንድ ቃል ስለተመለሰ ነው ብዙ ሴት የተጎዳችው።

ፍርሃቱ በዋናነት የመጣው ከአንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ነው። የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ ይባላል። ማህፀን ያላቸው 16,608 ሴቶች ተመረጡ። ለግማሾቹ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒት ያለበት ክኒን ተሰጣቸው። ለሌሎቹ ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2002 ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ በፊት ተቋረጠ። መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ የጡት ካንሰር፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና የደም መርጋት በዝቶ ተገኘ ተባለ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ሴቶች መድኃኒታቸውን ጣሉ፣ ሐኪሞችም ማዘዝ ፈሩ።

በዜናው ውስጥ የጠፋውን ልንገርዎት። የሴቶቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር። እስከ 79 ዓመት የደረሱ ነበሩበት። ብዙዎቹ ካረጡ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኗቸዋል። የ51 ዓመት ሴት፣ ሙቀቱ እንቅልፍ የነሳት፣ የ70 ዓመት ሴት አካል የላትም። በኋላ መረጃው በዕድሜ ተከፋፍሎ ሲታይ፣ ከ60 ዓመት በታች ያሉት ወይም ካረጡ አሥር ዓመት ያልሞላቸው ሴቶች ላይ ያለው ነገር ከትልልቆቹ በጣም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በተለይ የልብ ጉዳይ።

ቁጥሩም አለ። "በ26 በመቶ ጨመረ" ሲባል ልብ ይሰነጥቃል። ግን 10,000 ሴቶች መድኃኒቱን አንድ ዓመት ቢወስዱ፣ የጡት ካንሰር የሚይዛቸው ካልወሰዱት በ8 ይበልጣሉ ማለት ነው። ከአሥር ሺህ ስምንት። በዚያው ጥናት የዳሌ አጥንት ስብራትና የአንጀት ካንሰር ቀንሶ ነበር። ይሄ ግን ማንም ጆሮ አልደረሰም።

ከዚህ ሌላ ማህፀን የሌላቸው 10,739 ሴቶች ኢስትሮጅን ብቻ የተሰጡበት ክፍል ነበረው። እነሱ ላይ የጡት ካንሰር አልጨመረም። በኋላ በተደረገው ረጅም ክትትልም ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ነው የተገኘው። ስትሮክ ግን እነሱም ላይ ጨምሮ ነበር። በሁለቱም ክፍል የነበሩ ሴቶች 18 ዓመት ከተከታተሏቸው በኋላ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ፣ ሆርሞን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል በሞት ብዛት ልዩነት አልታየም።

እንግዲህ አደጋ የለም እያልኩ ነው? አይደለም። አለ፤ ልክ ልኩን ማወቅ ነው የሚሻለው። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት የብዙ አገር መረጃ አንድ ላይ አስልቷል። በምዕራባውያን አገሮች ካሉ ሆርሞን ወስደው ከማያውቁ 1,000 ሴቶች፣ ከ50 እስከ 69 ዓመታቸው ድረስ 63ቱ የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል። 50 ዓመታቸው ላይ ጀምረው ሁለቱንም ሆርሞን በየቀኑ ለ5 ዓመት ከወሰዱት 83ቱን። ኢስትሮጅን ብቻ ከወሰዱት 68ቱን። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ከአሜሪካው ጥናት ጋር እንደማይገጥም ያስተውሉ፤ ባለሙያዎቹ አሁንም የሚከራከሩበት ነው። ሁለቱን ሆርሞን አብሮ መውሰድ አደጋውን ከፍ እንደሚያደርግ፣ ጊዜው በረዘመ ቁጥርም እንደሚጨምር ግን ይስማማሉ።

ከሺህ ሃያ ለአንዷ ሴት ብዙ ነው፣ ለሌላዋ ትንሽ። እናቷና እህቷ በጡት ካንሰር የታመሙባት ሴት ሌላ ሚዛን አላት። ሌሊት ተኝታ የማታውቅ፣ ሥራዋን ልትለቅ የደረሰች ሴት ደግሞ ሌላ። ሚዛኑን የምትይዘው ራሷ ሴትየዋ ናት፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ቁጥሩ ሳይነገራት "አይሆንም" መባሏ ነው።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ስለ ልብ፣ ስለ ጡት ካንሰርና ስለ መርሳት በሽታ በጥቁር ሳጥን የተጻፈው ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲነሳ መወሰኑን አስታውቋል። ኢስትሮጅን ብቻውን ሲወሰድ ስለሚያመጣው የማህፀን ካንሰር የተጻፈው ግን እንዲቆይ ተደርጓል።

ክኒን ይሻላል ወይስ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው?

እኔን ቢጠይቁኝ መጀመሪያ ስለ ቆዳው ይጠይቁ እላለሁ። ምክንያት አለኝ። የዋጡት ኢስትሮጅን ወደ ደም ከመግባቱ በፊት በጉበት ያልፋል። ጉበት ደግሞ ደም የሚያረጉ ነገሮችን የሚሠራ አካል ነው፤ ኢስትሮጅኑ ሲደርሰው ብዙ ያመርታል። ለዚህ ነው ክኒኑ እግር ወይም ሳንባ ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን ከፍ የሚያደርገው። በፕላስተር፣ በጄል ወይም በስፕሬይ በቆዳ የሚገባው ግን በቀጥታ ወደ ደም ይሄዳል። በተለመደው መጠን እስከተወሰደ ድረስ የደም መርጋትን ሲጨምር አልታየም።

ስለዚህ ክብደታቸው ከፍ ያለ፣ የሚያጨሱ፣ የደም ግፊት ያለባቸው፣ ወይም ማይግሬን የሚያማቸው ሴቶች በቆዳ የሚገባው ይመረጥላቸዋል። ክኒኑ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ጤነኛ ለሆነች የ50 ዓመት ሴት ተስማሚ ሊሆን ይችላል።

ፕላስተሩንና ጄሉን እንዴት ነው የምጠቀመው?

ፕላስተሩ ከእምብርት በታች ወይም መቀመጫ ላይ፣ ንጹሕና ደረቅ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ቅባት የተቀባ ቆዳ ላይ አይይዝም። አብዛኛው ዓይነት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቀየራል፤ ቦታውንም በየጊዜው ያፈራርቁ። ጄሉ ክንድ ወይም ጭን ላይ ተቀብቶ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ጡት ላይ ፈጽሞ አይቀባም። እጅዎን ይታጠቡ። ሕፃን የሚያቅፉ ከሆነ የተቀባው ቦታ በልብስ ይሸፈን፤ ሆርሞኑ በመነካካት ወደ ልጁ ሊተላለፍ ይችላል።

ማን ነው መውሰድ የሌለበት?

የጡት ካንሰር ወይም ሌላ በኢስትሮጅን የሚያድግ ካንሰር የነበረባት። ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ከማህፀን የሚፈሳት። በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ ያጋጠማት፣ ወይም አሁን ደም የረጋባት። ጉበቷን በጽኑ የታመመች። ነፍሰ ጡር የሆነች። የደም ግፊትዎ ከፍ ብሎ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል።

ከእነዚህ አንዱ ካለብዎት በሩ ሁሉ ተዘጋ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ጉዳይ በስፔሻሊስት ተመክሮ የሚወሰን ነው። ያለብዎትን ሁሉ ይናገሩ፤ የሚወስዱትን መድኃኒትም ጭምር። ለምሳሌ ለታይሮይድ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ፣ የሚዋጥ ኢስትሮጅን ሲጀምሩ የታይሮይዱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

መጀመሪያ ሆርሞኔ በደም መመርመር አለበት?

ከ45 ዓመት በላይ ከሆኑና ምልክቱ ግልጽ ከሆነ አያስፈልግም። ሆርሞኑ በየቀኑ ስለሚዋዥቅ የዛሬው ውጤት የነገውን አይነግርም። "ደሙ ደህና ነው፣ ምንም የለብሽም" ተብላ የተመለሰች ስንት ሴት አለች! ከ45 በታች ከሆኑ ግን ምርመራው ይጠቅማል። የደም ግፊትና ክብደት መለካት፣ የቤተሰብ ታሪክ መጠየቅ ደግሞ ለሁሉም የሚገባ ነው። የጡት ምርመራዎንም በወቅቱ ያድርጉ።

መቼ ነው የሚሻለኝ? ምን ምን ሊያመኝ ይችላል?

ሙቀቱና ላቡ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይቀንሳል። ሙሉ ውጤቱን ለማየት እስከ ሦስት ወር ይታገሱ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡት ሊያም፣ ሆድ ሊነፋ፣ ራስ ሊያም፣ ሊያቅለሸልሽ ይችላል። አብዛኛው በራሱ ይጠፋል። ካልጠፋ መጠኑ ወይም ዓይነቱ ይቀየራል። የመጀመሪያው አልስማማ ሲላት "ለእኔ አይሆንም" ብላ ለዘለዓለም የምትተው ሴት ታሳዝነኛለች። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ጋር ነው ብዙዎቻችን የተስማማነው።

ደምን በተመለከተ፣ በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ጠብ ጠብ ማለቱ የተለመደ ነው። ከስድስት ወር ካለፈ፣ ከበዛ፣ ወይም ቆሞ ከቆየ በኋላ እንደገና ከመጣ መታየት አለበት። ሆርሞን ሳይወስዱ ካረጡ በኋላ ደም ካዩ ደግሞ፣ አንዲት ጠብታም ብትሆን፣ ቀን ሳያሳድሩ ሐኪም ያማክሩ።

አንድ እግር ብቻ አብጦ ከታመመ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ወይም ፊት ከተጣመመና አንደበት ከተሳሰረ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ቀጠሮ አይጠብቁ።

ያወፍራል?

ጥናቶች አላሳዩም። በዚህ ዕድሜ ሆርሞን ብንወስድም ባንወስድም ክብደት ይጨምራል፤ ስቡም ወደ ሆድ ይሰበሰባል።

እርግዝና ይከላከላል?

አይከላከልም። በዚህ ስንቶች ተሸውደዋል! ከ50 ዓመት በታች ያረጠች ሴት ከመጨረሻው የወር አበባዋ በኋላ ለሁለት ዓመት፣ ከ50 በላይ ያረጠች ለአንድ ዓመት መከላከያ መጠቀም አለባት።

38 ዓመቴ ነው፣ የወር አበባዬ ቆመ። ለእኔስ?

ለእርስዎ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ይህን ክፍል በጥንቃቄ ያንብቡልኝ።

ከ40 ዓመት በፊት ኦቫሪ ሥራውን ሲያቆም፣ ወይም ሁለቱም በቀዶ ሕክምና ሲወጡ፣ ሰውነት ገና ብዙ ዓመት ሊያገኘው የሚገባውን ኢስትሮጅን ያጣል። አጥንት ይሳሳል። የልብ በሽታም በኋላ ዕድሜ ይበዛል። ስለዚህ ሆርሞኑ ሙቀትን ለማብረድ ብቻ አይደለም የሚሰጠው። የጎደለውን መተካት ነው። የሚከለክል ምክንያት ከሌለ ቢያንስ ሌሎች ሴቶች እስከሚያርጡበት ዕድሜ፣ 51 ዓመት አካባቢ ድረስ፣ እንዲወሰድ ይመከራል። ከላይ የጻፍኩት የጡት ካንሰር ቁጥር 50 ዓመታቸው ላይ የጀመሩትን የሚመለከት ነው። እርስዎ ላይ እንዳለ አይሠራም።

ልጅ ገና የሚፈልጉ ከሆነ ይህን ለሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ይንገሩ። ደግሞም ለራስዎ ጊዜ ይስጡ። በዚህ ዕድሜ ይህን መስማት ሐዘን ነው፤ እንደ ሐዘን ሊያዝ ይገባዋል።

እስከ መቼ ነው የምወስደው?

"አምስት ዓመት ከሞላ በቃ" የሚባል ቁርጥ ያለ ሕግ የለም። በየዓመቱ ከሐኪም ጋር ቁጭ ብሎ ጥቅሙንና አደጋውን ማየት ነው። አንዳንዷ ሦስት ዓመት ወስዳ ታቆማለች፣ ሙቀቱም አይመለስባትም። ሌላዋ ስታቆም ይመለስባታል። ቀስ በቀስ እየቀነሱ ማቆም ለጊዜው ይቀልላል፤ ከጊዜ በኋላ ግን በአንዴ ካቆመችው ጋር ልዩነት የለውም።

ሆርሞን መውሰድ አልችልም። ሌላ ምን አለ?

አለ። ለድብርት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች በትንሽ መጠን ሙቀቱን ይቀንሳሉ፤ ቬንላፋክሲን አንዱ ነው። ጋባፔንቲን በተለይ ሌሊት ላይ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ፌዞሊኔታንት ደግሞ አንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት በሚቆጣጠረው ቦታ ላይ የሚሠራ፣ ሆርሞን ያልሆነ ክኒን ነው። ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል የጉበት ምርመራ ያስፈልገዋል። በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምናም ሙቀቱ የሚያመጣውን ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት እንደሚያቀል ታይቷል።

ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን የሚወስዱ ከሆነ ጥንቃቄ ይጨምሩ። ፓሮክሲቲን የተባለው የድብርት መድኃኒት የታሞክሲፈንን ሥራ ያዳክማል። ማንኛውንም ክኒን ከመጀመርዎ በፊት ለካንሰር ሐኪምዎ ያሳዩ።

ከዕፅዋት የተሠሩትና "ተፈጥሯዊ ሆርሞን" የሚባሉትስ?

አኩሪ አተርም ሆነ ብላክ ኮሆሽ የሚባለው ሥር በጥናት ያሳዩት ውጤት ደካማና የተዘበራረቀ ነው። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ቅጠል ደግሞ ከብዙ መድኃኒት ጋር ይጋጫል። ለአንዷ በልክ ተቀምሞ የሚሸጠው "ተፈጥሯዊ ሆርሞን" ላይ ግን ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው። መጠኑን የተቆጣጠረው አካል የለም። ፕሮጄስትሮኑ ካነሰ ማህፀንዎ ሳይጠበቅ ይቀራል። ከሰውነታችን ሆርሞን ጋር አንድ የሆነ ኢስትራዳዮልና ፕሮጄስትሮን ተመርምሮና ተፈቅዶ ፋርማሲ ውስጥ እያለ፣ ለምን ባልተመረመረው እንሞክራለን?

ለልብ ወይም ለመርሳት በሽታ መከላከያ ብዬ ልውሰደው?

ለዚያ ብቻ ብለው አይውሰዱት። ለመርሳት በሽታ እንደሚከላከል አልተረጋገጠም። በአሜሪካው ጥናት ከ65 ዓመት በላይ ሆነው ሁለቱን ሆርሞን በጀመሩት ላይ እንዲያውም ጨምሮ ነው የታየው። አጥንትን ግን ይጠብቃል፤ ስብራትንም ይቀንሳል። ይህ በደንብ የተረጋገጠ ነው።

ሐኪሙ ሳያዳምጠኝ "ዕድሜ ነው" ብሎ መለሰኝ።

እኔንም መልሶኛል። አልጋው ላይ እንኳን ሳያስቀምጠኝ፣ ቆሜ ነው የተሸኘሁት። ሁለተኛውን ሐኪም ለማየት ድፍረት እስካገኝ ስምንት ወር ፈጀብኝ። ለእሷ ግን ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ለአንድ ወር በየቀኑ ስንት ጊዜ ሙቀት እንደመጣብኝ፣ ሌሊት ስንቴ እንደነቃሁ፣ የመጨረሻው የወር አበባዬ መቼ እንደነበር በወረቀት ጻፍኩ። የእናቴን የደም ግፊትና የአክስቴን ሕመም ጨመርኩበት። ወረቀቱን ስትመለከት ፊቷ ተለወጠ። ወንበሯን ሳብ አድርጋ "እሺ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አለችኝ።

እርስዎም ይጻፉ። "ሙቀት አለኝ" ከማለት "ሌሊት አራት ጊዜ ልብስ እቀይራለሁ" ማለት ይሻላል። የሚከለከሉ ከሆነም "እኔን የሚከለክለኝ የትኛው ምክንያት ነው?" ብለው ይጠይቁ።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ሽንቷ እያቃጠላት ትሰቃያለች። ለእሷ አልመሸም?

በመላ አካል የሚሠራውን ሆርሞን በዚህ ዕድሜ መጀመር አብዛኛውን ጊዜ አይመከርም። ካረጡ አሥር ዓመት ካለፈ ወይም 60 ዓመት ከሞላ በኋላ አደጋው ከጥቅሙ ሊያመዝን ይችላል።

ለዚህ ችግር ግን ያ አያስፈልጋትም። ብልት ውስጥ የሚገባ ኢስትሮጅን አለ፤ በክሬም፣ በትንሽ እንክብል ወይም በቀለበት መልክ። መጠኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ እዚያው ይሠራል እንጂ ወደ ደም እምብዛም አይገባም። ፕሮጄስትሮንም አያስፈልገውም። ድርቀቱን ይቀንሳል፣ የሚመላለሰውን የሽንት ኢንፌክሽንም ይከላከላል። በማንኛውም ዕድሜ መጀመር ይቻላል። የጡት ካንሰር ከነበረባት ብቻ የካንሰር ሐኪሟ አስቀድሞ ይወቅ። መጀመሪያ ግን ሽንቷ ይመርመር፤ አሁን ኢንፌክሽን ካለ እሱ መታከም አለበት። ከዚያ ክሬሙን ወይም እንክብሉን ለሁለት ሳምንት በየቀኑ፣ ቀጥሎ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትጠቀማለች። ለውጡን ለማየት ሁለት ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ስታቆም ድርቀቱ ስለሚመለስ ብዙዎች ሳያቋርጡ ይቀጥላሉ።

እናትዎ ይህን ለወንድ ሐኪም ማንሳት ካፈሩ፣ አብረዋቸው ይግቡና እርስዎ ይጀምሩላቸው።